አገር ስትወጋ ከመንግሥት ጎን መቆም ግዴታ ነውን?

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በትግራይ የተጀመረውና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እንዲቆም የተወሰነው ጦርነት፣ በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ከአደባባይ ሰልፍ እስከ ዕድር ከፋፍሎታል። በጦርነት ጊዜ ለአገር መታመን ምን ይጠይቃል በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፍት ይሟገታሉ።

ከአሌክሳንድሪያ

ጦርነቱ የተከፈተው የአገር መከላከያ ሠራዊት የሰሜን ዕዝ በገዛ ወገኑ በተጠቃበት ሌሊት በመሆኑ፣ በውጭ የሚኖረው ሕዝብ ለሠራዊቱ መወገኑ የፓርቲ ድጋፍ ሳይሆን የአገር ህልውና ጉዳይ ነበር። ፕሮፓጋንዳ፣ ማለትም የሕዝብን አስተሳሰብ ለአንድ ወገን ዓላማ ለመግራት ሆን ተብሎ የሚሰራጭ መልእክት፣ የመንግሥት ብቻ መሣሪያ ተደርጎ ሲቀርብ የነገሩ ግማሽ ይደበቃል። ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ዘጠኝ ቡድኖች መንግሥትን ለመለወጥ ጥምረት የተፈራረሙት እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ አንዳንድ የውጭ መገናኛ ብዙኃንም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ልትያዝ እንደተቃረበች ያወሩ ነበር። የውጭ ጫናን የተቃወመው «በቃ» የተሰኘው ዘመቻ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። አጎዋ፣ ይኸውም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ የተጎዳችው በፋብሪካ ልብስ የምትሰፋ ወጣት እንጂ ጄኔራል አልነበረም። የዴሞክራቶቹ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ያደረገውን ጫና ለመቃወም በቨርጂኒያ የገዥነት ምርጫ ድምፅ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን እንዲሰጥ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተደረገው ቅስቀሳም ሕጋዊ ትግል ነበር። ገበና በባዕድ ፊት አይዘረገፍም፤ ጥፋት ካለ ከሰላም በኋላ በቤት ውስጥ ይጠየቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የሰሜን ዕዝ መጠቃት አይካድም፤ አጎዋን በሚመለከት ግን የአሌክሳንድሪያው ጸሐፊ አንድ ነገር ዘለዋል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ዕድሉ ከመቋረጡ በፊት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጠቀሰው ምክንያትም የጦርነቱን መባባስ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ታማኝነት ለሐሰት ያወጣው የይለፍ ወረቀት ነው። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ውስጥ መኖራቸው ለወራት ሲስተባበል ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለፓርላማ አመኑ፤ እስከዚያ ድረስ ይህንኑ የተናገረ ሁሉ «የጁንታው ተላላኪ»፣ ማለትም የትግራይ ክልልን ያስተዳድር የነበረው የሕወሓት መልእክተኛ፣ ይባል ነበር፤ እሳቸው ካመኑ በኋላም ይቅርታ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው። ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የትግራይ ተወላጅ የእናቱን በሕይወት መኖር ሳያውቅ ሥራ ሲገባ፣ በአንድ ዕድር አብሮት ሙት የቀበረ ባልንጀራው «መረጃ ካለህ አምጣ» ይለዋል፤ መረጃ የሚመጣበት መስመር መዘጋቱን ግን እንደ መልስ አይቀበልም። በማይካድራ ለተገደሉት አማሮች ያለቀሰ ሰልፈኛ በአክሱም በትግራይ ተወላጆች ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ፈጠራ ሲለው፣ በሌላው ሰልፍ ደግሞ ይኸው ተገልብጦ ይሰማ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች ጥሰት መፈጸማቸውን ገልጸዋል፤ ሪፖርቱን ከሁለቱም ሰልፍ የተነሡት ሰዎች የሚጠቅማቸውን ገጽ ብቻ እየመረጡ አነበቡት።

ከሰላም በኋላ ይጠየቃል የተባለውም አልሆነም። በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው የባለሙያዎች መርማሪ ኮሚሽን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥልጣኑ ሳይታደስ ተበተነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በአማራ ክልል ውጊያ ተቀስቅሶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ቀድሞ ለመንግሥት ይሰለፉ የነበሩ ብዙዎች በዚያው ሰንደቅ ዓላማ መንግሥትን ተቃውመው ወጡ፤ በተራቸውም የዘመዶቻቸውን ደኅንነት ማጣራት አቃታቸው።