የተሸነፈው ይጻፍ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ደግሞ ስለ ኳስ እንጻፍ። «ዕጩ መምህር ስለ እንግሊዝ ኳስ ምን አገባው?» የሚል መምህር እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገባናል እንላለን። ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ የመጣን ልጆች በውርጭ ብርድ ልብስ ተከናንበን እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከረው ስለ ሥነ ልቡና ትምህርት አይደለም፤ ስለ አርሰናል፣ ስለ ማንችስተርና ስለ ሊቨርፑል ነው። ነገ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ስንመደብም ተማሪው ገና ስማችንን ሳያጠና «ቲቸር፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» ማለቱ አይቀርም።

ክርክሩን አንጠላም። ክርክር የሌለበት መኝታ ቤት ምን ይሉታል? ቅር የሚያሰኘን ክርክሩ ሚዛን ማጣቱ ነው። የራስ ቡድን ሲያሸንፍ «በችሎታ»፤ ሲሸነፍ «በዳኛ»። ባላጋራ ጎል ሲያገባ «ዕድል ነው»፤ የራስ አጥቂ ሲስት «ሜዳው ነው»። ከዚያ ስድብ ይከተላል። በአንድ ማዕድ የሚበሉ ልጆች በኳስ ተኳርፈው ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ሲከርሙ ታይተዋል። ጉድ እኮ ነው! የተኳረፉበት ተጫዋች ደብረ ብርሃን የሚባል አገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እስቲ በ2017 ዓ.ም. ከታዩት ጨዋታዎች ጥቂቱን በሚዛን እናንሣ። መጋቢት 30 ቀን አርሰናል ሪያል ማድሪድን ለንደን ላይ 3 ለ 0 ረታ። ዴክላን ራይስ ሁለት ቅጣት ምቶችን በቀጥታ መረብ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀን በፊት በሙያ ዘመኑ ከቅጣት ምት በቀጥታ አግብቶ የማያውቅ ሰው ነው። በሳምንቱም ማድሪድ ድረስ ሄደው 2 ለ 1 አሸነፉ። ይህን አይቶ «ማድሪድ ስለደከመ ነው» ብሎ የሚያልፍ የማንችስተር ደጋፊ ኳስ አልተመለከተም፤ ንዴቱን ነው የተመለከተው። የመጀመሪያው ምት በግንቡ ጎን ዞሮ የገባው ማድሪድ ስለደከመ አይደለም።

የአርሰናል ደጋፊም ቢሆን ገና አይፎክር። በግማሽ ፍጻሜው ፓሪ ሴን ዠርመን ለንደን ላይ 1 ለ 0፣ ፓሪስ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ አሰናብቷቸዋል። ይህን «የዳኛ ሥራ» ያለ ካለ ግንቦት 23 ቀን ሙኒክ ላይ የሆነውን ያስታውስ፤ ያው ቡድን ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 ቀጣ። በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ታይቶ አይታወቅም። ሁለት ጎል ያገባው ዴዚሬ ዱዌ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ዝነኛው ኪሊያን ኤምባፔ እኮ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ማድሪድ ሄዶ ነበር! አንድ ኮከብ ሲሄድ አሥራ አንዱም መሮጥ ጀመሩ። እንግዲህ አርሰናል የተሸነፈው በማን እንደሆነ ማወቅ ለአርሰናል ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ግንቦት 13 ቀን ቢልባኦ ላይ ደግሞ ቶተንሃምና ማንችስተር ዩናይትድ ለአውሮፓ ሊግ ዋንጫ ተገናኙ። ሁለቱም በአገራቸው ሊግ ያን ዓመት የከሸፉ ነበሩ፤ ማንችስተር 15ኛ፣ ቶተንሃም 17ኛ ሆነው ነው የጨረሱት። ኳሱን አብዝቶ የያዘው ማንችስተር ነው። ጎሉን ያገባው ግን የቶተንሃሙ ብሬናን ጆንሰን ነው፤ በ42ኛው ደቂቃ። ተከላካዩ ሚኪ ቫን ደ ቬን ከጎሉ መስመር ላይ በአየር ተወርውሮ ኳስ ሲያወጣ ያየ ሰው «ዕድል ነው» ለማለት አፉ እንዴት ይታዘዝለታል? ቶተንሃም ከ17 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሣ። ሚዛን ያለው የማንችስተር ደጋፊ «ኳስ ይዘናል፤ እነሱ ግን ተከላክለዋል፤ ይገባቸዋል» ይላል። የቶተንሃም ደጋፊም «ጨዋታው አያምርም ነበር» ቢል ዋንጫውን ማንም አይነጥቀውም።

ሚዛን ማለት ሁልጊዜ ማመስገን ነው ማለታችን አይደለም። ግንቦት 9 ቀን በእንግሊዝ የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ክሪስታል ፓላስ ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ ወሰደ። ያን ጊዜ የፓላስ የነበረው ኤቤሬቺ ኤዜ አገባ። በረኛው ዲን ሄንደርሰን ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ ሳለ ቀይ ካርድ ሳያይ ቀረ፤ ቆይቶም የማርሙሽን ፔናልቲ አዳነ። የሲቲ ደጋፊ ስለ እጁ ቢያማርር እውነት አለው። ያ ግን ከዚያ በኋላ ሲቲ አንዲት ጎል ማግባት ያቃተው ለምን እንደሆነ አይመልስም። ሁለቱንም መጻፍ ነው ሚዛን።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚልቀው የመጋቢት 7ቱ ነው። ኒውካስል በሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ረታ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ወዲህ፣ ማለት ከ70 ዓመት በኋላ፣ በአገር ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያው ታላቅ ዋንጫ ነው። የመጀመሪያውን ጎል በቴስታ ያገባው ረጅሙ ተከላካይ ዳን በርን የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። በልጅነቱ በኒውካስል ሲሠለጥን ቆይቶ በ11 ዓመቱ «አትሆንም» ተብሎ ተሰናብቷል። ኋላም ተመልሶ በ32 ዓመቱ ያንኑ ቡድን ለዋንጫ አበቃ። በ11 ዓመቱ ያሰናበተው ሰው ክፉ ነበር አንልም፤ ፈጥኖ ፈርዷል። እኛስ ነገ ስንት የ11 ዓመት ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል?

የጽሑፋችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ነገ ቀይ እስክሪብቶ እንጨብጣለን። የባላጋራውን ጥሩ ጎል «ጥሩ ነው» ለማለት ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው፣ ያስቀየመውን ተማሪ ትክክለኛ መልስ «ትክክል» ብሎ ለማረም እጁ ይታዘዝለታል ወይ? የሚወደው ቡድን ጥፋት የማይታየው ሰው የሚወደው ተማሪ ስሕተት ይታየዋል ወይ? የመንዝ ልጅ በእግሩ ስንት ሰዓት ዳገት ወጥቶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ ትምህርት ቤት ይደርሳል። እንዲህ ለደከመ ልጅ ቢያንስ ሚዛን አይነፈገውም።

«የአውሮፓውን ትታችሁ የራሳችንን ብታነሡ» ለሚሉንም፣ ሚዛኑ ለራሳችንም ይሠራል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ውድድሩ አራት ቡድኖች ብቻ የተካፈሉበት ስለነበር ዋንጫው የተገኘው በሁለት ጨዋታ ነው። ይህን መናገር ድሉን አያሳንሰውም፤ የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች የዋንጫውን ባለቤት፣ የዛሬዋን ግብጽ፣ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥተው በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈዋልና። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.ም ግብጽን 2 ለ 0 ረታን። ደስታው ልክ አልነበረውም። ነገር ግን «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም አልነበረንማ። ከዚያ ምድብ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉትም ግብጽና ጊኒ ናቸው። ድሉን ብቻ ይዞ የሚጨፍር የሜዳውን ጥያቄ ማን ይጠይቅለት?

«ደጋፊ እኮ ዳኛ አይደለም፤ ስሜት ከሌለ ኳስ ምን ይጥማል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ዘጠና ደቂቃውን ማንም ይጩህ፣ ይዝለል፣ ይቆጣ። እኛ የምንለው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ስላለው ነው። አያቶቻችን በርስት ሲካሰሱ መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉ ነበር፤ «በልሃ ልበልሃ» ተባብለው ይሟገቱ ነበር። በዚያ ሙግት ቃል ማሳመር ብቻውን አያስረታም፤ ምስክር ይቆጠራል።

ስለዚህ ለጋዜጣችን አዘጋጆች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሰኞ ሰኞ በዚህ ግድግዳ ላይ ለኳስ አንዲት ገጽ ትሰጥ። ገጿን የሚጽፈው ግን ቡድኑ የተሸነፈበት ደጋፊ ይሁን። የሚመልሰው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ጎሉ እንዴት ገባ? ከባላጋራ በኩል ማን በለጠ? የእኛ ቡድን ምን ጎደለው? ያሸነፈው ደጋፊ ስምና ቁጥር ያርም እንጂ አንዲት የሽሙጥ ቃል አይጨምር። የአማርኛና የስፖርት መምህሮቻችንም ቢያርሙልን ደስ ይለናል። በተቋሙ ሜዳ በየክፍሉ የምናደርገው ግጥሚያም በዚሁ ደንብ ይጻፍ። የሦስተኛ ዓመቱ ልጅ ጎል ከራይስ ጎል አያንስም።

የመጀመሪያውን ገጽ ማን ይጻፍ? በሚመጣው እሑድ የሚሸነፈው። ብዕር ከእኛ!