«ቲቸር፣ እኛስ የት ነን?»

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ስለነበረው አስተዳደር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛስ የት ነን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ደወሉ ባይደርስልኝ አፍሬ ነበር።

ማታ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ታሪክ ገለጥኩ። ከነፃነት እስከ አብዮት ያለውን ዘመን ላነበበ ሰው አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። መንግሥት ተገንብቷል፦ በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተደለደለች፤ በ1937 አዲስ ብር ወጣ፤ በ1948 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የትግራይ ገበሬ በ1935፣ የባሌው ከ1955 ጀምሮ፣ የጎጃሙ በ1960 አመፀ። ይህ ምን ያስተምረናል? መሥሪያ ቤት መክፈትና ሰው ከልቡ «አገሬ» እንዲል ማድረግ አንድ ሥራ አይደለም እኮ!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የመሃል አገር ታሪክ ነው፣ እኛን አያውቀንም» ይላሉ። በበኩሌ አልስማማም። ፕሮፌሰሩ በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለዶክትሬት የጻፉት በዚሁ በምዕራቡ ጠረፍ ስለነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ነው። ሌሎች ደግሞ «የተጻፈውን አስጠንተህ ውጣ፣ ምን አገባህ?» ይላሉ። ይህም አያስኬድም። አንድ አጠቃላይ መጽሐፍ የየመንደሩን ነገር ሊይዝ አይችልም፤ የጎደለውን መሙላት የመምህሩ ፈንታ ነው።

የሚሞላውም ሞልቷል። ቤላ ሻንጉል በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ መገበሩ፣ የሼህ ሆጀሌ ወርቅ፣ ከነፃነት በኋላ አሶሳ በወለጋ፣ መተከል በጎጃም ሥር መተዳደሩ ሁሉ ትምህርት ነው። ስንናገር ግን እየመረጥን አይሁን። የማዕከሉን ግብር አንስተን የአካባቢው ገዢዎች የነበሩበትን የባሪያ ንግድ ብንደብቅ ልጆቹን እናታልላለን።

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ዴስክ ላይ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦ፣ የኮሞ ልጅና ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰውን ደም የሰማ ሰው፣ ለነዚህ ልጆች ግማሽ ታሪክ መንገር ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ልጁ ራሱን ያላየበትን አገርስ እንዴት ይውደድ?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ እያንዳንዳችን ያንን ምዕራፍ እናንብብ። ለዕረፍት ስንሄድ ደግሞ በየመንደራችን አንድ አንድ አዛውንት እንጠይቅና የሰማነውን ከመጽሐፉ ጋር እናመሳክር፤ አዛውንትም ይሳሳታሉና። መምህሮቻችንም ቢያርሙን ደስ ይለናል።

እኔ በበኩሌ ያ ክፍል ስመለስ ለልጁ «የት እንደነበርን አብረን እንፈልግ» እለዋለሁ።

ከአንድ የኅብረተሰብ ትምህርት ሠልጣኝ