ጣቷ የሸፈናት አገር

ልጄ በምትማርበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ከጸሎት በፊት አንድ ተማሪ ሉል ላይ አንድ አገር ያሳያል፤ ክፍሉ በሙሉ ለዚያ አገር ሕዝብ ይጸልያል። እኛ ጂኦግራፊ የተማርነው የዋና ከተሞችን ስም በመሸምደድ ነበር (ዋጋዱጉን እስካሁን አልረሳሁም!)።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእሷ ነበር። እህቴ ቤይሩት ስለምትሠራ ሊባኖስን መረጠች። ማታ፣ «እማዬ፣ ጣቴ ድፍን አድርጎ ሸፈናት!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሊባኖስ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ከ100 እጥፍ በላይ እንደምትበልጣት ነገርኳት።

«ታዲያ አክስቴ ትልቁን አገር ትታ ለምን ትንሹ ጋ ሄደች?»

የማርኬቲንግ ሰው ነኝ፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ስለ ሥራ፣ ስለ ደመወዝ ተንተባተብኩ።

«በቃ፣ እሑድ ስትደውል ራሷን እጠይቃታለሁ» አለች።

እሑድ ስልኩን ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ እንጃ።