ጽሑፍ ዛፍ አይደለም!

«ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አይጠፋም።» የብራና መጻሕፍት ነገር በተነሳ ቁጥር ይህን እንሰማለን። እኛ አንስማማም። ፎቶው ምስል ነው፤ ቃል አይፈለግበትም። ጽሑፉ በፊደል ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ጸባችንም እዚያ ላይ ነው።

ርዕሱና አንቀጹ እንዲለይ ለኮምፒውተሩ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት ይደረግለታል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደው መንገድ ኤክስኤምኤል ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋ! አንዱ በሌላው ሆድ ይደር እንጂ አይጠላለፍ! በዚህ ሕግ ጽሑፍ ሁሉ ዛፍ ነው፤ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል።

ብራናው ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። ዓረፍተ ነገሩ በአንዱ ገጽ ተጀምሮ በሌላው ያልቃል። ገጹን ሙሉ እናድርግ ስንል ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጣል፤ ዓረፍተ ነገሩን ስናድን ገጹ ይበተናል።

ኅብረ ቃል ሲመጣማ ይብሳል። ለምሳሌ ያህል እኛው የገጣጠምነውን «ሰውአለምነው» ተመልከቱ። ሰሙ «ሰው አለ፤ ምነው?» ነው። ወርቁ «ሰው ዓለም ነው»። «ም» የማን ናት? ዛፉ ለአንዱ ስጡ ይለናል። የቅኔ ተማሪ የሁለቱም ናት ይላል። እኛ ከተማሪው ጋር ነን።

መላው ጠፍቶ አይደለም። የ1986ቱ ኤስጂኤምኤል በአንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት ዛፍ መትከል ይፈቅድ ነበር፤ ኤክስኤምኤል ለቅለት ሲል ተወው። በ1987 የተጀመረው ቲኢአይ ደግሞ በመመሪያው ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ገጽ የሚጀምርበትን በነጥብ ማመልከት፣ የተቆረጠውን በመለያ ማያያዝ፣ ወይም ጽሑፉን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ምልክቶቹን ከውጭ መደርደር። የመጨረሻውን እንደግፋለን። ችግር አለበት፤ አንዲት ፊደል ስትታረም ከውጭ ያለው ምልክት ቦታውን ሊስት ይችላል። ቢሆንም ማንንም ከጽሑፉ አያባርርም።

የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በቲኢአይ እየመዘገበ ነው። ይመስገን። የእኛ ሙግት «ይሄ የቴክኒሻን ጉዳይ ነው» ከሚሉት የአገራችን ሰዎች ጋር ነው። አይደለም! የትኛው መዋቅር ይቁም፣ የትኛው ይቆረጥ ማለት ፍርድ ነው። ስለዚህ መሪጌታውና ፕሮግራመሩ ሥራው ሳይጀመር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ የተተወውም በጽሑፍ ይገለጽ።

በአንድምታ ላደገ አገር «አንድም» ማለት የማይችል ፋይል አይወርሰውም።