የአልማዝ ምስክር ወረቀት ምን ያህል ይታመናል?

ልጆቻቸው በአሜሪካ፣ በአውሮጳ ወይም በዱባይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ስለ ጋብቻ ቀለበት ሲመካከሩ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አልማዝ የሚባለው ነገር በምክራቸው መካከል እየገባ ነው። በአገራችን ልማድ ሙሽሪት የምታጌጠው በወርቅ ነበር፤ ወርቅም በሚዛን የሚታወቅ፣ በየከተማው ገዢ ያለው፣ ቢቸግር የሚሸጥ ሀብት ስለ ሆነ እናቶቻችን በዋጋው የሚታለሉት እምብዛም ነው። አልማዝ ግን እንደዚህ አይደለም። ወጣቱ ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከሽምብራ ፍሬ ለማትበልጥ ድንጋይ ሲከፍል፣ በእጁ የሚቀረው ማስረጃ ሻጩ የሰጠው አንድ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ምን ያህል እንደሚታመን በዚህ ወር ጥቂት ልንነጋገር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ የቃል መምታታት እናቃና። "ካራት" ለወርቅ ሲነገር ጥራቱን ያመለክታል፤ ባለ 24 ካራት ወርቅ ንጹሕ ነው፣ ባለ 18ቱ ግን ከአራት እጅ ሦስቱ ብቻ ወርቅ ነው። ለአልማዝ ሲነገር ደግሞ ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ባለ ሁለት ካራት አልማዝ ማለት ትልቅ ድንጋይ ማለት ነው እንጂ ጥሩ ድንጋይ ማለት አይደለም።

ወረቀቱ የመጣው ነጋዴው ሁሉ ለዕቃው የራሱን ስም ያወጣ ስለ ነበረ ነው። አንዱ "ኤ" ሲል ሌላው "ድርብ ኤ" ይላል፤ ገዢውም የሚያመዛዝንበት አልነበረውም። በ1931 ሮበርት ሺፕሊ በአጭሩ ጂ.አይ.ኤ. የሚባለውን የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም አቋቋመ። ተቋሙም ከብዙ ጥናት በኋላ የደረጃ መሰላል አወጣ፤ በ1955ም የመጀመሪያዎቹን የአልማዝ ደረጃ መግለጫዎች ሰጠ። የቀለሙ መሰላል ፍጹም ነጭ ከሆነው "ዲ" ተነሥቶ ወደ ቢጫነት እስከሚያደላው "ዜድ" ይወርዳል። ከ"ኤ" ያልተጀመረውም የፊተኞቹ ፊደላት በነጋዴዎች አፍ ብዙ ስለ ረከሱ ነው። የንጽሕናው ደረጃ 11 ሲሆን፣ ጉድፉ የሚፈለገው አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ነው።

እንግዲህ በመምህርነት ሥራ የኖርን ሰዎች የዚህን ነገር ጠባይ ለመረዳት አይቸግረንም። የሒሳብ ፈተና ሲታረም ክርክር የለም፤ የድርሰት ፈተና ግን ሁለት ቅን መምህራን አርመው አንዱ 80 ሌላው 76 ቢሰጡ ማንኛውም አልዋሸም። በአልማዝ ወረቀት ላይ የተጻፈው ክብደትና ልክ የሒሳብ ፈተና ነው፤ በመሣሪያ ይመዘናል፣ ሊታመንም ይገባዋል። ቀለምና ንጽሕና ግን በአብዛኛው የሠለጠነ ዐይን የሚሰጠው ፍርድ ነው። በጂ.አይ.ኤ. የድንጋዩ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የማያውቁ ከአንድ በላይ መርማሪዎች እየተቀባበሉ ያዩታል፤ እንዲህም ሆኖ ያው ድንጋይ ተመልሶ ቢቀርብ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ነጋዴዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። እንዲያውም የተሻለ ፊደል ለማግኘት ድንጋያቸውን ደጋግመው የሚልኩ አሉ። አንድ ደረጃ በዋጋው ላይ ትርጉም አለውና።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ አለመሆናቸው ነው። በአንዱ አንደኛ የወጣ ልጅ በሌላው አሥረኛ ሊሆን እንደሚችል ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ለምርመራው ገንዘብ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሻጩ እንጂ ገዢው አይደለም፤ መርማሪውንም የሚመርጠው ሻጩ ነው። ስለዚህ ነጥብ የሚያበዛ ቤት ደንበኛ አያጣም። ኢ.ጂ.ኤል. በሚል ስም በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩ ቤቶች የሚሰጡት ደረጃ ከጂ.አይ.ኤ. መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው ተብሎ ብዙ ከተነቀፈ በኋላ፣ የማርቲን ራፓፖርት የአልማዝ ገበያ ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ጀምሮ በእነዚህ ወረቀቶች የሚቀርብ አልማዝ እንዳይዘረዘር ከለከለ። የከበረው ተቋምም ቢሆን ከፈተና አላመለጠም፤ በ2005 ደረጃ ለማስጨመር ጉቦ ተሰጥቷል የሚል ክስ ተነሥቶ ጂ.አይ.ኤ. ምርመራ ካደረገ በኋላ አራት ሠራተኞቹን አሰናብቷል።

ሻጩ "ሌላ ቦታ ያለው ያው ደረጃ በውድ ዋጋ ነው፣ የእኔ ግን ርካሽ ነው" ሲል ገዢው ልብ ይበል። ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው የትኛው ወረቀት ነጥብ እንደሚያበዛ ያውቃሉ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ አስቀድመው ቀንሰውታል። ርካሽ የመሰለው ድንጋይ የሚገባውን ዋጋ አግኝቷል፤ በመካከሉ ይህን የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

አሁን ግን ከፊደሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ድንጋዩ ከምድር የወጣ ነው ወይስ በፋብሪካ የተሠራ የሚለው ሆኗል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰው ሠራሽ አልማዝ መሥራቱን ያስታወቀው በዚያው የመጀመሪያዎቹ መግለጫዎች በወጡበት በ1955 መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። የዛሬው የፋብሪካ አልማዝ በባሕርዩ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ዐይንም ሆነ ተራ አጉሊ መነጽር አይለየውም። ዋጋው ግን ከተፈጥሮው እጅግ ያነሰ ነው። ጂ.አይ.ኤ. ለፋብሪካ አልማዝ የተፈጥሮውን የቀለምና የንጽሕና መሰላል መጠቀም እንደሚያቆም በ2025 አስታውቋል። እያወቁ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይነግሩ መሸጥ ነው። በ2021 ተቋሙ በድንጋዩ ወገብ ላይ የሌላ የተፈጥሮ አልማዝ ቍጥር በሐሰት የተቀረጸባቸው የፋብሪካ ድንጋዮች እንደ ተገኙ አሳውቋል። ወረቀቱ እውነተኛ፣ ድንጋዩ ግን ሌላ ነበር ማለት ነው።

ደግሞም እውነተኛ ወረቀት ሁሉን አይናገርም። ሁለት ድንጋዮች በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ደረጃ ኖሯቸው፣ የአንዱ ጉድፍ ከመካከሉ ተቀምጦ ሲታይ የሌላው በዳር ተሰውሮ ይቀራል። አንዱ ወተት እንደ ነካው ውሃ ደብዝዞ ሌላው ያበራል። ይህን የሚለየው የገዢው ዐይን ነው፤ ድንጋዩም ከሱቁ ደማቅ መብራት ወጥቶ በመስኮት ብርሃን መታየት አለበት። ዋጋውንም በሚመለከት የጂ.አይ.ኤ. መግለጫ ግምት ወይም ዋስትና አለመሆኑን ራሱ ይናገራል። ሱቁ ራሱ ጽፎ የሚሰጠው የዋጋ ግምት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ቍጥሩ ብዙውን ጊዜ ከተከፈለው በላይ ተደርጎ የሚጻፍ ስለ ሆነ ገዢውን ከማስደሰት በቀር እምብዛም አይረባም። ወላጆች በተለይ ይህን እንዲያውቁት እንወዳለን፦ አልማዝ እንደ ወርቅ በዕለት ዋጋ ተመዝኖ አይመለስም፤ ሊሸጡት የወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከገዙበት እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጡታል። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሀብት ከተፈለገ የእናቶቻችን ወርቅ ይሻላል።

እንግዲህ መግዛቱ ከተቈረጠ፣ ልጁ አስቀድሞ የወረቀቱን ቍጥር ይዞ በሰጪው ተቋም የኢንተርኔት መዝገብ ያረጋግጥ። ከዚያም በድንጋዩ ወገብ ላይ ተቀርጾ ከሆነ ያንኑ ቍጥር በመነጽር አሳዩኝ ይበል፤ ክብደቱንና ልኩንም በፊቱ ያስመዝን፣ ልክ የማይገጥም ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ድንጋዩ ቀለበት ላይ ከታሰረ በኋላ ይህን ሁሉ ማድረግ ስለሚያስቸግር ሳይታሰር ቢያየው ይመረጣል። "የተፈጥሮ" ወይም "የፋብሪካ" የሚለው ቃል፣ እንዲሁም ዕቃው እስከ ስንት ቀን ሊመለስ እንደሚችል በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። በእነዚያ ቀኖችም ውስጥ አልማዝ ወደማይሸጥ ሌላ ገማች ወስዶ ያስመርምረው፤ ክፍያውም በድንጋዩ ዋጋ መቶኛ ሳይሆን አስቀድሞ በተቈረጠ ገንዘብ ይሁን።