ከትርዒት የተባረረችው ጥንቸል ለምን ረከሰች?

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ አይቶ፣ ጀርባ ዳብሶ ይዋዋላል። በአሜሪካ ለትርዒት የሚረቡ ጥንቸሎችን የሚገዛ ባለገንዘብ ግን የሚከፍለው ለሚያየው ፀጉር ብቻ አይደለም፤ ለማያየው ዘርም ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ገበያው ዋጋ የሚቆርጠው በሚታየው ነው። በዚህም የተነሳ ተፈላጊ የሆነ ሸቀጥ በርካሽ ሲጣል፣ ኪሳራ የሚያስከትል አሠራር ደግሞ እንደ ልማድ ተይዞ ይኖራል።

እንደሚታወቀው የማንኛውም ሸቀጥ ደረጃ የሚወሰነው ደረጃ በሚያወጣው አካል ነው። በአሜሪካ ይህ አካል የአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ዝርያ መልክ፣ ክብደትና የተፈቀደ ቀለም በመመዘኛ መጽሐፉ ይደነግጋል። አንዲት ጥንቸል «ግራንድ ሻምፒዮን» ለመባል በማኅበሩ መመዝገብና 3 ብቁ ድሎችን ማስመዝገብ ይኖርባታል። ድሉ የሚቆጠረው ቢያንስ 3 ባለቤቶች ያቀረቧቸው 5 ጥንቸሎች ሲወዳደሩ ነው። ማዕረጉ የእናቲቱንም የልጆቿንም ዋጋ ስለሚያንር፣ መመዘኛው የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጉዳይ ነው።

ኢንግሊሽ ስፖት የተባለችው ዝርያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለዳኛ የምትቀርበው በነጭ ሰውነቷ ላይ ከአንገት እስከ ጅራት የሚወርድ መስመር፣ በአፍንጫዋ ላይ የቢራቢሮ ቅርፅ፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀለበት፣ በጎኗ ደግሞ የነጠብጣብ ሰንሰለት ያላት ጥንቸል ናት። ይህን መልክ የሚሰጠው አንድ ጂን ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰችው ነጠብጣብ ትሆናለች። ከሁለቱም የወረሰችው በአብዛኛው ነጭ ሆና ጥቂት ምልክት ብቻ ይኖራታል፤ አርቢዎች «ቻርሊ» ይሏታል። ስሙ የመጣው ከቻርሊ ቻፕሊን ጢም እንደሆነ ይነገራል። ጂኑን ጨርሶ ያልወረሰችው ደግሞ ወጥ ቀለም ይዛ ትወለዳለች። ቻርሊዋም ባለወጥ ቀለሟም ለውድድር አይፈቀድላቸውም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ነጠብጣብ ከነጠብጣብ ሲዳቀል ከሚወለዱት 100 ግልገሎች በአማካይ 50ዎቹ ነጠብጣብ፣ 25ቱ ቻርሊ፣ 25ቱ ወጥ ቀለም ይሆናሉ። አርቢው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ መመዘኛው ራሱ የምርቱን ግማሽ ከትርዒት ገበያ ውጪ ያደርግበታል።

ነገር ግን ኪሳራው በዚህ ብቻ አያበቃም። ይኸው የነጠብጣብ ሕግ በሚሠራበት በቼከርድ ጃይንት ዝርያ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ጉዳዩ ኪት ከተባለው ጂን ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ሁለት ቅጂ የወረሱት ጥንቸሎችም ትልቁ አንጀት ያለ ልክ በሚሰፋበት በሽታ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ስለዚህ ቻርሊ ለውድድር ያልበቃች ብቻ ሳትሆን፣ ለሥቃይ የተጋለጠች እንስሳም ናት።

አንዳንዶች ቻርሊን ከወጥ ቀለም ጋር ማዳቀል መፍትሔ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ የሚወለዱት ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ለዚህ ሲባል በሽታ የሚያሰጋትን እናት ማቆየት፣ እሷ ስታልፍም ሌላ ቻርሊ ማስወለድ ግድ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ትርፉ የሚገኘው ወጪውን ወደ እንስሳዋ በማዛወር ነው።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ግን በየአርቢው ግቢ ውስጥ አለ። ነጠብጣብ ከወጥ ቀለም ጋር ሲዳቀል ከ100 ግልገሎች 50ዎቹ ነጠብጣብ፣ 50ዎቹ ወጥ ቀለም ይሆናሉ። ለትርዒት የሚበቃው ቁጥር ያው 50 ነው፤ ቻርሊ ግን አንድም አይወለድም። ታዲያ አንድ ዓይነት ምርት ያለ ብልሽት የምታስገኘው ባለወጥ ቀለም ጥንቸል ለምን በርካሽ ትሸጣለች?

አርቢዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ተራ ሰበብ አይደለም። ዳኛ ነጥብ የሚሰጠው ለነጠብጣቡ አቀማመጥ ነው። አቀማመጡን የሚወስኑ ሌሎች ጂኖች በባለወጥ ቀለሟ ላይ ተሸፍነው ስለሚኖሩ፣ ገዥው ሰንሰለቱ የተስተካከለ ይሁን የተበጠሰ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። መረጃ በሌለበት ገበያ ደግሞ ገዥ ሁልጊዜ ክፉውን ገምቶ ዋጋ ይሰብራል።

እንግዲያው የጎደለው መረጃ እንጂ ጥራት ላይሆን ይችላል። የተለመደው የዘር ሐረግ ወረቀት የ3 ትውልድ፣ ማለትም የ14 ቅድመ ወላጆችን ስም፣ ቀለምና ክብደት ይዘረዝራል። ስለ እህትና ወንድሞቿ ነጠብጣብም ሆነ ቀደም ሲል ስለወለደቻቸው ግልገሎች ግን ይህ ዝርዝር አይናገርም። የባለወጥ ቀለሟን ትክክለኛ ዋጋ የሚያሳውቀው ግን ይኸው የተተወው ክፍል ነው።

በመሆኑም ሻጩ ከወረቀቱ ጋር የእያንዳንዱን ወሊድ ውጤት ማለትም ስንት ነጠብጣብ፣ ስንት ወጥ፣ ስንት ቻርሊ እንደተወለደ አያይዞ ቢያቀርብ ራሱን ይጠቅማል። ገዥውም ዋንጫውን ከመቁጠሩ በፊት ይህን መዝገብ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል። ማኅበሩ ባለወጥ ቀለሟን ወደ ውድድር እንዲያስገባት አያስፈልግም፤ የወሊድ መዝገብ ከዘር ሐረጉ ጋር እንዲያያዝ ቢያበረታታ ይበቃል። ያን ጊዜ ዛሬ በርካሽ የምትሰጠው ጥንቸል ዋጋዋን ታገኛለች፤ ለበሽታ የምትወለደውም ትቀንሳለች። ዳኛው የሚያየው የዛሬውን ፀጉር ነው። ነጋዴ ግን ነገ የሚወለደውን ካላሰበ ትርፉን ለሌላ ትቶ ይሄዳል።