ከጦርነት በኋላ የሚቀር ጠላትና የሴቶች ድርሻ

ጦርነት የሚጀመርበት ቀን እንዳለው ሁሉ የሚፈጸምበትም ቀን አለው። የጦር አለቆች ውል ተፈራርመው፥ ወታደሩ ጠመንጃውን አውርዶ፥ ስደተኛውም ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕዝቡ ሁሉ ሰላም ሆነ ይላል። ነገር ግን ውል የማይሰማ፥ የዕርቅን ቃል የማያውቅ፥ ወዳጅንና ጠላትን የማይለይ አንድ ወታደር በምድር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ እርሱም ፈንጂ ነው። ይህ ወታደር ደመወዝ አይጠይቅም፥ አይርበውም፥ አያንቀላፋም፤ የቀበረው ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ የዚያኑ ሰው የልጅ ልጅ እግር ሊቈርጥ ይችላል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ከእርሱ የራቀ ይመስለው ይሆናል። በእርግጥም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሐዋሳ በዓሣዋ፥ በዩኒቨርሲቲዋና በፋብሪካዋ የታወቀች ናት እንጂ የፈንጂ ሜዳ አይደለችም። ሆኖም ከሐዋሳ ተነሥቶ በመላ ኢትዮጵያ የሚሠራው ነጋዴ፥ አስተማሪ፥ ሐኪም፥ ሹፌርና ወታደር ብዙ ነው። ፈንጂ ደግሞ ይልቁንም የሚያሰጋው የአገሩን መንገድ የማያውቀውን እንግዳና ከስደት የሚመለሰውን ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ቆራሌው ከሚሰበስበው ቍርጥራጭ ብረት ጋራ ተቀላቅሎ ከአገር ወደ አገር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ጦርነት ላየው አገር ብቻ የሚተው አይደለም።

የኢትዮጵያ ምድር ይህን መከራ የተሸከመችው ባንድ ዘመን ጦርነት ብቻ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ፥ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የሶማልያ ወረራ፥ እስከ 1983 ዓ.ም. የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ የተደረገው ውጊያ፥ ሁሉም እያንዳንዱ የራሱን ፈንጂ ቀብሮ አለፈ። በ1996 ዓ.ም. የተፈጸመው አገር አቀፍ ጥናት በ1,492 መንደሮች የፈንጂና ያልፈነዳ መሣሪያ አደጋ መኖሩን ገለጠ። በነዚህም መንደሮች 1.9 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ይኖር ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ የሞተውና የቈሰለው ሰው ተቈጥሮ 16,616 ሆነ። ከመንደሮቹም ከመቶው 80 እጅ የሚበልጡት በአፋር፥ በትግራይና በሶማሌ ክልሎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ምድር አዲስ የመሣሪያ ትርፍ ጥሎ ሄደ።

መንግሥት ይህን ለማጥራት በ1993 ዓ.ም. የፈንጂ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ፤ ሥራውም በኋላ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተዛወረ። ኢትዮጵያ በሰው ላይ የሚጠመደውን ፈንጂ የሚከለክለውን የኦታዋን ውል ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈረመች፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. አጸደቀች። በውሉ መሠረት ምድሯን አጥርታ እንድትጨርስ የተሰጣት ጊዜ በመጀመሪያ እስከ ግንቦት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበረ፤ ቀጥሎም እስከ 2012 ዓ.ም.፥ ደግሞም እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ተራዘመ። ይህም የሆነበት ምክንያት የሚገርም አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ እንደሚነገረው አንዱን ፈንጂ ለመሥራት ከ3 እስከ 30 የአሜሪካን ዶላር ሲበቃ፥ ያንኑ አንዱን ከምድር አውጥቶ ለማምከን ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይፈጃል። መቅበሩ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን ማውጣቱ የብዙ ዓመት ድካም ነው። እንግዲህ ምድሪቱ እስክትጠራ ድረስ ሰውን የሚጠብቀው ጋሻ ዕውቀት ብቻ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለዚህ ለዚህ ነው።

የሴቶች ነገር የሚነሣው በዚህ ስፍራ ነው። በፈንጂ ከሚሞቱትና ከሚቈስሉት ሰዎች የሚበዙት ወንዶችና ልጆች ስለ ሆኑ አንዳንድ ሰው ጉዳዩን የወንዶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ባል እግሩን ባጣ ጊዜ እርሻውን የምታሳርስ፥ ልጆቹን የምታሳድግ፥ ቍስለኛውን የምታስታምም ማን ናት? ሴት ራስዋ በተጎዳች ጊዜስ ውሃ የሚቀዳላትና እንጨት የሚሰብርላት ማን ነው? አደጋው ባንድ ሰው እግር ሥር ይፈነዳል፥ ጕዳቱ ግን በቤተ ሰቡ ሁሉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም በኋላ ሸክሙን ለዓመታት ተሸክማ የምትኖረው ሴቲቱ ናት።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምክንያትም አለ። የፈንጂን ስፍራ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ አንድ መንደር በገቡ ጊዜ እንደ ልማዱ የአገር ሽማግሌዎችን ሰብስበው ይጠይቃሉ። ሽማግሌዎቹም የሚያውቁትን በእውነት ይናገራሉ፤ የእርሻውን ማሳ፥ የከብቱን መሰማሪያ፥ የገበያውን መንገድ፥ የጥንቱን ምሽግ ያሳያሉ። ነገር ግን ሴቶች ጭራሮ የሚለቅሙበትን ቍጥቋጦ፥ ውሃ የሚቀዱበትን ወንዝ፥ ለሸክላ የሚሆን አፈር የሚቈፍሩበትን ገደል፥ ለቤት ክዳን ሣር የሚያጭዱበትን ዳገት ከሴቶቹ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። ይህን ሳይጠይቁ የሚሣሉት ካርታ ግማሽ ካርታ ነው። በካርታው ላይ ያልተጻፈ መንገድ ደግሞ አይመረመርም፥ ምልክት አይደረግበትም፥ አይጠራም፤ ልጅቱ ግን በማለዳ ተነሥታ በዚያው መንገድ ትሄዳለች።

ይህን ነገር የዓለም መንግሥታትም ዘግይተው ቢሆን ተረድተውታል። የጸጥታው ምክር ቤት ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ባወጣው በ1325ኛው ውሳኔ ፈንጂን የማጥራትና አደጋውን የማስተማር ሥራ የሴቶችንና የልጃገረዶችን ልዩ ፍላጎት እንዲያስብ አሳሰበ። ከዚያም በፊት ዓለምን የቀሰቀሱት ሴቶች ነበሩ። የእንግሊዝዋ ልዕልት ዲያና በጥር 1989 ዓ.ም. በአንጎላ፥ በሁአምቦ ከተማ አጠገብ፥ የመከላከያ ልብስ ለብሰው በፈንጂ ሜዳ መካከል በተጠራው መንገድ በሄዱ ጊዜ ጉዳዩ በየአገሩ ተሰማ። አሜሪካዊቱ ጆዲ ዊልያምስም ፈንጂን ለማስከልከል ከተነሣው ማኅበር ጋራ በ1990 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኙ።

ወደ ትምህርቱ ስንመለስ የሚያሻው ቃል ረጅም አይደለም። የማያውቁትን ብረት አለመንካት፤ ምልክት ያለበትን ስፍራ አለማለፍ፤ ያዩትን ለመንግሥት ሰው መናገር፤ በፈንጂ ሜዳ ውስጥ መግባቱን የተረዳ ሰውም ባለበት ቆሞ ድምፁን አሰምቶ ርዳታ መጥራት ነው። ነገር ግን ይህ አጭር ቃል ባንድ ቀን ስብሰባ ተነግሮ የሚቀር ከሆነ ይረሳል። በየቀኑ መነገር ያለበትም ከብት ይዞ ለሚወጣው ልጅ ነው፤ ልጅ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ መጫወቻ ይመስለዋልና። ያን ልጅ ጠዋት ቍርስ አብልታ የምትሸኘው እናቱ ናት። ቡና ሲፈላ፥ በዕድር፥ በማኅበር፥ በምንጩ ዳር የሚነገረው ነገር ከሴት ወደ ሴት ሲተላለፍ በአዳራሽ ከሚሰጠው ንግግር ይልቅ ወደ ቤት ይገባል። ኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን መንገድ አስቀድማ ጠርጋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 የሚበልጡ፥ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው፥ የሕዝቡን ቋንቋ እየተናገሩ፥ የየቤቱን ደጅ እየረገጡ ክትባትንና ንጽሕናን አስተምረዋል። ስለ ክትባት የታመነች ሴት ስለ ፈንጂም ብትናገር ትታመናለች።

ፈንጂውን ወደ ማጥራቱ ሥራ ስንመጣ፥ ይህ ሥራ ጕልበት ብቻ የሚጠይቅ የሚመስለው ሰው አለ። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ሠራተኛው የፊት መከላከያና ወፍራም የደረት ልብስ ለብሶ፥ በምልክት በተከለለች ጠባብ መንገድ ተንበርክኮ፥ ብረት ፈላጊውን መሣሪያ በምድሩ ላይ ቀስ ብሎ ያሳልፋል። መሣሪያው በጮኸ ጊዜ ከጐን በኩል አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ ያነሣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቍራጭ ነው፤ ነገር ግን መቶኛውን ጩኸት እንደ መጀመሪያው ጩኸት አድርጎ መፍራት ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በፈንጂ ሜዳ ግን የቸኮለ ሰው የሚለቅምበት ጊዜ እንኳ አያገኝም። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። በአንጎላ፥ በቤንጌላ አውራጃ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 መቶ ሴቶችን ለዚሁ ሥራ የማሠልጠን ፕሮግራም ተጀምሯል። በስሪ ላንካ በጦርነት ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ፈንጂ በማጥራት ልጆቻቸውን አሳድገዋል። በላኦስም ሴቶች ብቻ ያሉባቸው ጓዶች ከአየር የተጣለውን ቦምብ እየፈለጉ አምክነዋል።

አንዳንድ ሰው ግን፥ የልጆች እናት የሆነችውን ሴት ወደ እንዲህ ያለ አደጋ ማግባት አይገባም ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልስ አለው። ፈንጂ በተቀበረበት አገር የምትኖር ሴት በአደጋው ውስጥ አስቀድማ ገብታለች፤ በየቀኑም ያለ ፊት መከላከያ፥ ያለ ደረት ልብስ፥ ያለ መሣሪያ፥ ጀርባዋ ላይ እንጨት ወይም ልጅ ተሸክማ ትመላለስበታለች። ሠልጥና፥ መሣሪያ ይዛ፥ ደመወዝ ተቀብላ ብትገባበት ይህ ከቀድሞው የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም። ደግሞም ኢትዮጵያ ሴቶቿን በጭንቅ ቀን ከሥራ ለይታ አታውቅም። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ጠላት የሚጠጣውን ምንጭ አስይዘው ምሽጉን ያስለቀቁበት ብልሃት የታወቀ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት የመርዝ ጢስ ባወረደ ጊዜ ልዕልት ፀሐይና በበጎ አድራጎት ማኅበር የተሰበሰቡት ሴቶች የቍስል መጠቅለያና የጢስ መከላከያ ጭንብል አዘጋጅተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ በማቀበላቸው በጠላት እጅ ታስረው ተሠቃይተዋል።

እንግዲህ ከሐዋሳ ምን ይጠበቃል? በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከልዩ ልዩ ወረዳ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለበዓል ወደ አገራቸው ሲሄዱ ከጨርቁ ጋራ ዕውቀትም ይዘው መሄድ ይችላሉ። በዩኒቨርሲቲው የሚማሩት የወደፊት አስተማሪዎችና ሐኪሞችም ነገ የሚላኩበትን ወረዳ አያውቁም፤ ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ፈንጂ የሚያሻውን ጥቂት ነገር ቢማሩ ራሳቸውንም ተማሪያቸውንም ያድናሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለዚህ ጉዳይ መታሰቢያ ያደረገው መጋቢት 26 ቀን በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው የሚታሰብ ቢሆን መልካም ነው።

ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሦስት ነገር ይጠበቃል። የመጀመሪያው፥ ፈንጂ ሊፈለግ ወደ መንደር በተገባ ጊዜ ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው በሴት ጠያቂ እንዲጠየቁ ማድረግ፤ ሁለተኛው፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሩት ጋራ የፈንጂን አደጋ መጨመር፤ ሦስተኛው፥ የማምከን ሥልጠና በሚሰጥበት ስፍራ የአገሩ ሴቶች በችሎታቸው ተመዝነው የሚገቡበትን በር መክፈት ነው። ለዚህ አዲስ ሠራዊት ማቋቋም አያሻም፤ ያለውን ማስተባበር ይበቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የሰላም ውል በወረቀት ላይ ከተፈረመ በኋላ የሚፈጸመው በምድር ላይ ነው። በአፋር፥ በትግራይ፥ በሶማሌና በአማራ አገር አንዲት ልጅ እንጨት ለቅማ በደኅና ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች ዕለት ጦርነቱ ለዚያ ቤት አለቀ ማለት ይቻላል። ያን ቀን ለማቅረብ መንገዱን የምታውቀውን ሴት መጠየቅ፥ ማስተማርና ማሠልጠን የመንግሥትም የሕዝብም ግዴታ ነው።